ስኬል በባትሪ አሲድ? ለአንድ የጥገና ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባሉ ፋብሪካዎች፣ በጥገና ሠራተኞች ስልክ ላይ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ቦይለርና የሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ስለሚጋገረው የኖራ ቅርፊት፣ በወርክሾፕ አነጋገር ስለ ስኬል ነው የሚያወራው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸውና፦ 1 ሚሊ ሜትር ስኬል 10 በመቶ ነዳጅ ይበላል፤ ያገኙት ጠንካራ አሲድ ሁሉ ያነሣዋል፤ የባትሪ አሲድ ርካሽ ስለሆነ ይመረጣል፤ አሲዱን 20 በመቶ በጥብጦ ማሞቅ ሥራውን ያፈጥነዋል፤ አረፋው ሲቆም ታጥቧል ማለት ነው፤ የተረፈውን አሲድ በረኪና ገድሎት ወደ ቦይ ይለቀቃል፤ በዓመት አንዴ እንዲህ ያጠበ ሰው ሶፍትነር (ውሃው ቦይለር ከመግባቱ በፊት ኖራውን የሚይዝ ማለስለሻ) አያስፈልገውም።

ቦይለር ሳይከፈትና ሳይታይ ዓመታት መክረም የለበትም ማለታቸው ትክክል ነው፤ በዚህ አንጣላም። በቀረው ግን አንስማማም። ከቅደም ተከተላቸው ወጥተን ሰው ከሚጎዳው እንጀምር።

በረኪና አሲድን አይገድልም። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል፣ ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ የሚከብድ ጋዝ ነው። ከባድ በመሆኑ ወደ ላይ አይበተንም፤ የቦይለር ክፍሉ ወለል ላይ ባለው ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የታችኛውን ቫልቭ ሊዘጋ ጎንበስ ያለው ሠራተኛ ፊቱን የሚያስገባው እዚያው ውስጥ ነው። የተረፈን አሲድ የሚያበርደው ኖራ ወይም ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ነው። 1,000 ሊትር ብጥብጥ ውስጥ 1 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢቀር 10 ኪሎ ንጹህ አሲድ ነው፤ እሱን ለማብረድ ለቀለም ከሚሸጠው የኖራ ዱቄት 10 ኪሎ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ከሆነ 13 ኪሎ ይበቃል። በአንዴ አይደፋም፤ በውሃ እየተበጠበጠ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል፣ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት ከ6 እስከ 9 ባለው መሐል እስኪገባ ድረስ። (ኖራ ሲበላ የዋለውን አሲድ መልሶ ኖራ ሲያበርደው ማየት ትንሽ ያስቃል።) የሟሟው ብረት አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል፤ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ሌሊቱን ይጥለል፤ ጭቃው ተለይቶ ይድረቅ። ከቃሊቲና ከአቃቂ ቦዮች የሚወጣው ውሃ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል፤ በመንገዱ ላይ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ነዳጁ። “1 ሚሊ ሜትር ስኬል 10 በመቶ ነዳጅ” የሚለው ቁጥር ብዙ ቦታ ይጻፋል፤ ለእሳት ቱቦ ቦይለር (ጭሱ በቱቦዎች ውስጥ፣ ውሃው በዙሪያቸው ለሆነበት) ግን የተጋነነ ነው። ሙቀት ከጭሱ ተነሥቶ ውሃው ጋ እስኪደርስ የሚገጥመው ትልቁ እንቅፋት በጭሱ በኩል ያለው ነው፤ ብረቱ ራሱ እምብዛም አይገታውም። በዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የኖራ ስኬል የሚጨምረው እንቅፋት ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ነው። ጢስ ማውጫው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ በየ20 ዲግሪው 1 በመቶ ያህል ነዳጅ ጠፋ ብሎ ማስላት ይቻላል። የቱቦው ጥላሸት ተጠርጎ እንኳ ያ ቁጥር ካልወረደ ያኔ ስኬል ይጠረጠራል። ጥላሸቱን ሳይጠርጉ ስኬሉን የሚከሱ ብዙ ናቸው።

ታዲያ ስኬል ቀላል ነገር ነው ማለታችን ነው? አይደለም፤ ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ8 ባር የሚሠራ ቦይለር አቃቂ ላይ ውሃው ወደ 174 ዲግሪ ይሆናል። እሳቱ በቀጥታ በሚመታው ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር 100 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ያልፋል። ያ ሙቀት 1 ሚሊ ሜትር ስኬልን ለማቋረጥ ብቻ 100 ዲግሪ ልዩነት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብረቱ ከ274 በላይ ይግላል። ስኬሉ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ብረቱ 470 አልፏል። ተራ የቦይለር ብረት ከ400 ዲግሪ ወዲያ ጉልበቱን በፍጥነት ያጣል፤ እሳቱ የሚነድበት ጓዳ ያብጣል፣ ቱቦዎቹ ከኋላ ፕሌት ጋር የተያያዙበት ጫፍ ይሰነጠቃል። የነዳጁ ሒሳብ እያሳሳቀ ሲወስድ ግፊት ማሳያው ላይ ምንም አይታይም። ስኬሉ ሲሊካ ከሆነ ደግሞ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከኖራው በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃዋል።

በፕሌት ሙቀት መለዋወጫ (ሁለት ፈሳሾች በስስ ብረት ፕሌቶች ግራና ቀኝ በሚያልፉበት) ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በሁለቱም በኩል ፈሳሽ ስለሆነ እንቅፋቱ ከመጀመሪያው ትንሽ ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ስኬል አቅሙን በግማሽ ሊያወርደው ይችላል። የቤት ቦይለር፣ ማለትም መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ “የመብራት ሒሳብ ያንራል” ይላል። አያንርም፤ ኤለመንቱ ውሃ ውስጥ ስለተቀበረ ሙቀቱ ከውሃው ሌላ የሚሄድበት የለውም። የሚሆነው ሌላ ነው፦ ኤለመንቱ በቅርፊቱ ታፍኖ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ቆጣሪውን ይጥላል።

“ያገኙት ጠንካራ አሲድ ሁሉ” የሚለው የጽሑፉ ዋና ስህተት ነው። ስኬል አንድ ነገር አይደለም። ከአሲዱ በፊት ቅርፊቱ መታወቅ አለበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ ነው። የጥፍር ያህል ቅርፊት ከቱቦው ተፍቆ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይጣል። ወዲያው እንደ አምቦ ውሃ ከተንቸፈቸፈና በደቂቃዎች ውስጥ ከጠፋ ካርቦኔት ነው፤ ቀላሉ እሱ ነው። ዝም ካለ ሌላ ቁራጭ 10 በመቶ ሶዳ አሽ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቀቀል፣ በንጹህ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፣ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይግባ። አሁን ከተንቸፈቸፈ ሰልፌት ነበር ማለት ነው፤ ሶዳው ወደ ካርቦኔት ቀይሮታል። መለቅለቁ ከተዘለለ የተረፈው ሶዳ ራሱ ይንቸፈቸፍና ያሳስታል። በሁለቱም ንቅንቅ ካላለ፣ ቀጭን፣ ብርጭቆ መሰልና በቢላ የማይጫር ከሆነ ሲሊካ ነው። ጥቁር ዱቄት ሆኖ ማግኔት ከያዘው የብረት ኦክሳይድ ነው።

ይህ ለእኛ አካባቢ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። የአዲስ አበባ ዳርቻ የጉድጓድ ውሃ እሳተ ገሞራ በወለደው አለት ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነው፤ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ባይካርቦኔት ጋር ሲሊካም ይዞ ይመጣል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጽ ውሃ ከእሱ ይለሰልሳል። አንዱ ፋብሪካ በፈረቃ ከሁለቱም የሚቀዳ ከሆነ ቅርፊቱ ሲቆረጥ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ይሆናል፤ ናሙናው ከአንድ ንብርብር ብቻ ከተወሰደ ምርመራው ከንቱ ነው። የሲሊካውን እጥበት እዚህ አንዘረዝርም፤ የሚያሟሟው ፍሎራይድ ያለበት አሲድ ስለሆነ ቆዳ ዘልቆ አጥንት የሚያበላሽ ነው፤ መሣሪያና ሥልጠና ላለው ይተው።

የወተት ማቀነባበሪያ ፓስቸራይዘር (ወተቱን አሙቆ ተሕዋስያን የሚገድለው መሣሪያ) ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እዚያ የሚጋገረው የተቃጠለ የወተት ፕሮቲንና ማዕድን ድብልቅ ነው። አሲድ ቀድሞ ከገባ ፕሮቲኑን ያጠነክረዋል። መጀመሪያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ በ75 ዲግሪ፣ ቀጥሎ ጥሩ ልቅለቃ፣ ከዚያ ግማሽ በመቶ ናይትሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ።

ወደ ባትሪ አሲዱ እንምጣ። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ይንቸፈቸፋል፤ ያኔ የሚወለደው ግን ካልሲየም ሰልፌት፣ ማለትም ጄሶ ነው። ጄሶ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟማው 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የቅርፊቱን ፊት በነጭ ልባስ ይሸፍነዋል፣ አሲዱ ወደ ውስጥ መግባት ያቆማል፣ አረፋውም ይቆማል። እዚህ ላይ ነው የጸሐፊው ሁለት ስህተቶች የሚደጋገፉት፦ “አረፋው ሲቆም ታጥቧል” ስላሉ ሠራተኛው አሥር ደቂቃ ጠብቆ ቦይለሩን ይዘጋል፤ ውስጡ ያለው ስኬል ግን ከነበረው የባሰ፣ አሁን ሃይድሮክሎሪክ አሲድም በቀላሉ የማይነካው፣ ጄሶ የለበሰ ስኬል ነው። ከአሮጌ ባትሪ የተገለበጠ ከሆነ እርሳስም አለበት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚመረጠው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያስቀረው ካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ በደንብ የሚሟማ በመሆኑ ነው።

ጽሑፉ “አይዝጌ ብረት ስለማይዝግ ምንም አይሆንም” ብሎም ያልፋል። ይህ ፕሌት መለዋወጫ ያስጥላል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይዝጌውን ብረት በመርፌ እንደተወጋ ያደርገዋል፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ፕሌት ከተበሳ ወተቱና ማቀዝቀዣው ውሃ ይገናኛሉ። ለአይዝጌ ሲትሪክ፣ ሰልፋሚክ ወይም ናይትሪክ። ለመዳብና ለናስ ሰልፋሚክ 5 በመቶ፤ ናይትሪክ በፍጹም። ጋልቫናይዝድና አሉሚኒየም ላይ ጠንካራ አሲድ አይውጣ። ሃይድሮክሎሪክ የሚገባው ለተራ ብረት ነው፣ እሱም ከኢንሂቢተር፣ ማለትም ብረቱ ላይ ተለጥፎ አሲዱን ከሚያግድ ኬሚካል ጋር።

ስለ መጠን እናስላ፤ ጽሑፉ ያላደረገው ይህንን ነው። የማሞቂያ ገጹ 40 ካሬ ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ 3,000 ሊትር የሆነ ቦይለር እንውሰድ። በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ካርቦኔት ስኬል ካለው ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ነው። 1 ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት 0.73 ኪሎ ንጹህ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 73 ኪሎ። ሥራው ሲያልቅ ብጥብጡ ውስጥ 1 በመቶ እንዲተርፍ እንፈልጋለን፤ ያ 30 ኪሎ ነው። ድምሩ 103 ኪሎ፣ ወደ 3.4 በመቶ ብጥብጥ ይሆናል፤ በገበያ ካለው 32 በመቶ አሲድ 280 ሊትር ገደማ። የጽሑፉ 20 በመቶ ግን 1,600 ሊትር ይጠይቃል። ትርፉ 1,300 ሊትር የሚበላው ስኬል ስለሌለ ብረቱን ይበላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ያን ሁሉ በኖራ ማብረድ ይመጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄኔ ነው።

አቼቶ ለሚሉም ባለ 5 በመቶው ለ1 ኪሎ ስኬል 24 ሊትር ይፈልጋል። ለጀበናና ለካውያ ጥሩ ነው።

ሰልፋሚክ ለ1 ኪሎ ስኬል 1.9 ኪሎ ይፈጃል፤ ዱቄት ስለሆነ ለመያዝ ይመቻል። ሲትሪክም ከዚያ አይርቅም፤ ነገር ግን በጣም ሲጠግብ ነጭ የካልሲየም ሲትሬት ዝቃጭ ስለሚጥል ከልክ በላይ እስኪዳከም መጠበቅ የለበትም።

“ሲሞቅ ይፈጥናል” እውነት ነው፤ ብረቱን መብላቱም አብሮ ይፈጥናል። ኢንሂቢተሩም ከ60 ወይም 65 ዲግሪ በላይ መያዝ ያቅተዋል። ሰልፋሚክ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ራሱ እየፈረሰ ሰልፌት ይሰጣል፤ ዞሮ ዞሮ ጄሶው ጋ ይመልሰናል። እሳት ለኩሶ አሲድ ማሞቅ ጨርሶ የለም፤ ውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ኢንሂቢተሩ፣ በመጨረሻ አሲዱ። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቦይለሩ ይቀዘቅዛል፣ ይፈስሳል፣ የእንፋሎት ቫልቭ ተዘግቶ ይታሰራል፤ የናስና የመዳብ ዕቃ ያለባቸው ጌጆችና ሴፍቲ ቫልቭ ተፈትተው ቀዳዳቸው ይደፈናል። ከፕላስቲክ በርሜል በአሲድ ፓምፕ ከታች ይገባል፣ ከላይ ወጥቶ ወደ በርሜሉ ይመለሳል፤ ከላይ ካስገቡት ጋዙ ታምቆ የቱቦዎቹን አናት ደረቅ ያደርጋል። ከላይኛው ቀዳዳ ሰፊ ጎማ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ለምን ሰፊ? 100 ኪሎ ስኬል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ይህ ከ30 ሜትር ኩብ ይበልጣል። በባሕር ጠለል 24 ነበር። አንድ መካከለኛ ክፍል ሙሉ ማለት ነው፤ እሱም ከአየር ይከብዳል። አሲዱ ብረት ሲነካ ሃይድሮጂንም ስለሚወጣ በዚያ ሰዓት በአካባቢው ብየዳ፣ ግራይንደርና ሲጋራ የለም። መነጽር፣ እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንትና ቦቲ ግዴታ ናቸው፤ በርሜሉ አጠገብ የሶዳ ውሃ በባልዲ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ከዚያ መለካት። አረፋ መለኪያ አይደለም፤ አሲዱ ሲያልቅም፣ ጄሶ ሲሸፍነውም፣ ስኬሉ ሲያልቅም አረፋው ይቆማል። በየግማሽ ሰዓቱ ከመመለሻው 10 ሚሊ ሊትር ይቀዳ፣ ሁለት ጠብታ ሜቲል ኦሬንጅ (አሲድን በቀለም የሚያሳይ ፈሳሽ) ይግባበት፤ ቀይ ይሆናል። 1 ኖርማል (በሊትር 40 ግራም ያለው) ኮስቲክ ሶዳ በቢዩሬት፣ ማለትም መስመር ባለው የመለኪያ ቱቦ፣ ጠብ ጠብ እያለ ቀዩ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ሲዞር ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ ይጻፋል። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.365 በመቶ አሲድ ነው። በ3.4 በመቶ ሲጀመር 9.3 ገደማ ይነበባል። ቁጥሩ እየወረደ ከሆነ አሲዱ ስኬል እየበላ ነው። ከ2.7 በታች ወርዶ፣ ማለትም ከ1 በመቶ አንሶ፣ አሁንም እየወረደ ከሆነ አሲድ ይጨመር። ሦስት ንባብ ተከታትሎ ከቆመ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከብረቱ ላይ ነው። በርሜሉ ውስጥ በክር የተንጠለጠለ፣ ቀድሞ የተመዘነ የቱቦው ዓይነት ቁራጭ ብረት ኢንሂቢተሩ መሥራት አለመሥራቱን ይናገራል። ቁራጩ ላይ በዓይን የሚታይ አረፋ ከበዛ ያኔውኑ ይፍሰስ። ብጥብጡ ወደ ቢጫ ቡናማ ማድላቱም መጥፎ ምልክት ነው፦ ከዝገቱ የሟሟው ብረት በኢንሂቢተር የማይታገድ መበላት ያመጣል።

ከፈሰሰ በኋላ ውሃው ፒኤች 6 እስኪደርስ ይለቅለቅ፣ ሳይደርቅም ወዲያው 1 በመቶ ሶዳ አሽ በ80 እና 90 ዲግሪ መሐል አራት ሰዓት ይዙር። እርጥብ ሆኖ አየር ካገኘው እያዩት ይዝጋል። (ከውጭ የመጣ ማኑዋል 95 ዲግሪ ካለ በክፍት በርሜል አይሞከር፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል።) ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት ይፈተሽ። የሚያንጠባጥብ ቱቦ ከተገኘ አሲዱ በሳው ተብሎ ይወራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀዳዳው ከቅርፊቱ ሥር ቀድሞ ተበልቶ የነበረ ነው፤ ስኬሉ ወትፎት ኖሯል።

የቀረው “ሶፍትነር አያስፈልግም” የሚለው ነው። ጥንካሬው (የሟሟበት ኖራ መጠን) በሊትር 200 ሚሊ ግራም የሆነ ውሃ በቀን 10 ሜትር ኩብ የሚገባበት ቦይለር በቀን 2 ኪሎ፣ በ26 የሥራ ቀን 52 ኪሎ ኖራ ይቀበላል። ከፊሉን ብሎውዳውን (የቦይለሩን ውሃ በየጊዜው ከታች ማፍሰስ) ያወጣዋል፤ ቀሪው በሁለት ሦስት ወር የላይኛውን ምሳሌ 100 ኪሎ ሊሞላ ይችላል። በዓመት አንዴ ማጠብ ማለት ብዙውን ወር ከነስኬሉ መንዳት ነው። በጽሑፉ የተመሰገነው ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ከዚህ ውስጥ አንድ ግራም ካልሲየም አያወጣም።

100 ሊትር ሬዚን (ካልሲየምና ማግኒዚየምን የሚይዙ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች) ያለው ሶፍትነር በአንድ ዙር 5 ኪሎ ጥንካሬ ይይዛል፤ ለዚህ ውሃ 25 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ሁለት ቀን ተኩል። ለአንድ ዙር እድሳት 15 ኪሎ ጨው በ10 በመቶ ብጥብጥ ይፈልጋል። ጨው ለመቆጠብ 5 ኪሎ የሚያደርጉ አሉ፤ ሬዚኑ በከፊል ብቻ ይታደስና ጠንካራ ውሃ በማግስቱ ያልፋል። ጭቃ ያለው ጨው ደግሞ የሬዚኑን አልጋ ይደፍናል፤ ተበጥብጦ፣ ጠልሎ፣ ከላይ ከላዩ ይቀዳ። ጠዋት ጠዋት ቦይለሩ ከመነሣቱ በፊት ከሶፍትነሩ መውጫ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ተቀድቶ የጥንካሬ መለኪያው ጠብታ ይግባበት፦ ሰማያዊ ከሆነ ይነሣ፤ ቀላ ካለ ጨው ይቅደም።